በሰበታ አካባቢ ባለ የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት በክረምት በነፃ ስለ ማገልገል

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አየር ጤና ሲሆን የምሠራውም በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ የሦስት ሳምንት የዓመት ፈቃድ ስላለኝ፣ በሰበታ አቅራቢያ ካቶሊክ ሲስተሮች በሚያስተዳድሩት የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሒሳብና እንግሊዝኛ በነፃ ለማስጠናት አስቤአለሁ። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ከሰማሁ ጀምሮ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ይሁን እንጂ ማስተማር ሙያዬ አይደለም፤ በዚያ ላይ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ በመሆኔ እናቴ «ሚሲዮን ቤት ምን ልትሠሪ ነው?» እያለች ትቃወመኛለች። ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ?

መልስ፣ ከአለም ገና መምህርት፦
እህቴ፣ ሐሳብዎ የተቀደሰ ነው፤ ወቅቱ ግን አይመችም። ትምህርት ሰኔ ላይ ሲዘጋ አዳሪዎቹ ወደየቤተሰባቸው ይሄዳሉ፤ በክረምት ግቢ ውስጥ የሚቀሩት መሄጃ የሌላቸው ጥቂት ልጆች ናቸው። ሦስቱን ሳምንት በሐምሌ ከሚጨርሱት ከመስከረም ጀምሮ በየቅዳሜው ግማሽ ቀን ቢሰጡ ይሻላል። ሰበታ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከአየር ጤና በሚኒባስ ደርሶ መመለስ አያስቸግርም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ሳስተምር ያየሁትን ልንገርዎ። በኦሮሚያ አብዛኞቹ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳቡም ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ስሌቱን አሳምራ የምታውቅ ልጅ፣ ያው ስሌት በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ሲቀርብላት ወረቀቷን ባዶ ትመልሳለች። ስለዚህ አዲስ ትምህርት ለማስተማር አይነሡ፤ እሱ የመምህራኑ ሥራ ነው። ጥያቄውን አብረዋት ያንብቡና ምን እንደተጠየቀች በራሷ ቋንቋ እንድትናገር ያድርጉ። እርስዎ አፋን ኦሮሞ ባይችሉ እንኳ አንዷ ለሌላዋ ታስረዳለች፤ እንዲያውም ከሁሉ የተሻለው ጥናት ያ ነው። የሒሳብ ሠራተኛነትዎንም አይናቁት፤ እኔ በነበርኩበት ግቢ የጤፉና የዘይቱ ገቢና ወጪ በአሮጌ ደብተር ይመዘገብ ስለነበር፣ በዓመቱ መጨረሻ ሲስተሮቹ እንቅልፍ አልነበራቸውም።

መልስ፣ ከቀድሞ አዳሪ፦
እኔ ከ5ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያደግሁት በእንዲህ ያለ ግቢ ነው። ለአሥርና ለአሥራ አምስት ቀን የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ብዙ ነበሩ፤ ኳስና እርሳስ ያድሉናል፣ አብረውን ፎቶ ይነሣሉ፣ «እንመለሳለን» ብለው ይሄዳሉ። የመጀመሪያዋ ስትሄድ አለቀስን፤ አራተኛዋ ስትመጣ ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም። ከሁሉም የማልረሳቸው አንድ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ለሦስት ዓመት በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እየመጡ የተቀደደ ዩኒፎርማችንን ይጠግኑ፣ እኛንም መርፌ ያስይዙን ነበር። አንድ ረቡዕ ታመው ሲቀሩ እስኪመሽ በር በሩን ስናይ ዋልን። ስለዚህ የማይመለሱ ከሆነ «እመለሳለሁ» አይበሉ፤ ለአንዲት ልጅም ለብቻዋ ስጦታ አይስጡ፤ እርስዎ ከሄዱ በኋላ በዶርም ውስጥ የሚደርስባትን እኔ አውቀዋለሁ።

መልስ፣ ከአንድ አባት፦
ልጄ፣ የእናትሽ ሥጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም። መንግሥት ራሱ በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች ባወጣው ድንጋጌ አገሪቱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል ብሎ ከፍሎ፣ በመጀመሪያው ክልል ሆስፒታልና ሃይማኖት የማይሰበክበት ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ሲፈቅድላቸው ሰዎችን ወደ እምነታቸው መሳብን ከልክሎ ነበር። ዛሬ ያ ዘመን አልፏል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መሰጠት አለበት ይላል። ቢሆንም በአዳሪ ቤት የጸሎት ሰዓት መኖሩ አይቀርምና፣ እንድትገኚ ትገደጂ እንደሆነ ኃላፊዋን ሲስተር አስቀድመሽ ጠይቂ። የነፍስ አባትሽንም አማክሪ፤ እናትሽ ከእኛ ይልቅ የሚሰሙት እሳቸውን ነው።

ከጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሐምሌውን ትቼ ከመስከረም በኋላ በየቅዳሜው ለመሄድ ወስኛለሁ፤ የነፍስ አባቴንም ነገ አገኛቸዋለሁ። እናቴ አሁን የያዘችው ክርክር በጾም ቀን የሚበላ ታገኛለች አታገኝም የሚል ብቻ ስለሆነ ነገሩ ለዝቧል። መምህርት፣ ቅዳሜ በስንት ሰዓት ብደርስ ይሻላል?

ከአለም ገና መምህርት፦
እኔ በነበርኩበት ግቢ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ልብስ የሚያጥቡበት ሰዓት ስለነበር ከአራት ሰዓት በፊት የሚያስጠኗት ልጅ አያገኙም ነበር። ለማንኛውም የመጀመሪያውን ቀን ደውለው ይሂዱ። ምሳዎን ቋጥረው ቢሄዱም እናትዎ ያርፋሉ።