ሱዙኪ ዲዛየር ልግዛ ወይስ የአባቴን ምክር ሰምቼ ቪትዝ? የነዳችሁት እስቲ ንገሩኝ

ቤዛ ከሰሚት

ሰላም እንዴት ናችሁ። መኪና ልገዛ ነው፣ ብሩ በቁጠባም በእቁብም ተሟልቷል ግን ቤት ውስጥ መስማማት አልቻልንም። አባዬ ከቶዮታ ውጪ እንዳታስቢ ብሎ ድርቅ ብሏል። እሱ በወጣትነቱ ዲ ኤክስ ኮሮላ ነድቷል፣ ከዛ ወዲህ የመጣው መኪና ሁሉ ለሱ ላሜራው ስስ ነው። እኔ ልቤ ያለው ዲዛየር ላይ ነው። ሃያ አመት ያለፋት ቪትዝ የሚጠሩባት ዋጋ ላይ ትንሽ ብጨምር የ2018 ወይ የ2019 ዲዛየር አገኛለሁ፣ ታዲያ ያን ሁሉ አመት የተነዳ መኪና በዚህ ብር ለምን እገዛለሁ?

ግን እውነት ለመናገር ስለ ሱዙኪ የማውቀው ነገር የለም። አንዱ የጃፓን ነው ይላል፣ ሌላው የህንድ ነው ይላል፣ ደላላው ደግሞ "አንድ ነው" ይለኛል። ካምፓኒው ከየት የመጣ ነው፣ እቃው ይገኛል ወይ፣ ዳገት ላይስ እንዴት ነው? እኔ በየቀኑ ከሰሚት ጦር ኃይሎች ነው የምመላለሰው፣ ለበአል ደግሞ ቤተሰብ ጭኜ ደብረ ብርሃን እወጣለሁ። እስካሁን ያየኋቸው ዲዛየሮች በሙሉ ኮድ 3 ናቸው፣ ራይድ ሲሰሩ የነበሩ፣ እሱም ያስፈራኛል። የያዛችሁ ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ በናታችሁ።

ሹፌሩ

እህቴ እኔ እንጀራዬ ዲዛየር ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ቪትዝ ነድቻለሁ ስለዚህ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ነዳጅ ላይ ዲዛየርን የሚያህል የለም፣ ከሜክሲኮ ሃያ ሁለት በስራ መውጫ ሰአት ተጨናንቆ እንኳን በሊትር ወደ 14 ኪሎ ሜትር ታስኬደኛለች፣ መንገድ ከተከፈተ ደግሞ ከዛ በላይ፣ ይሄ ቤንዚን በጨመረ ቁጥር የሚሰማሽ ነገር ነው። ሰልባቲዮው 37 ሊትር ብቻ ስለሆነ ረጅም ጉዞ ስትወጪ ማደያ ማሰብ አለብሽ። ኋላ የሚቀመጥ ሰው እግሩን ይዘረጋል፣ ፖርትመጋላው ሁለት ትልቅ ሻንጣ ይውጣል፣ ኤርፖርት ለሚሰራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ጉልበቷ ግን ልክ አለው። አራት ሰው ጭነሽ ኤሲ ከፍተሽ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮሜዳ ስትወጪ ሶስተኛ ማርሽ ይከብዳታል፣ ሁለተኛ አስገብተሽ ኤሲውን ማጥፋት ነው። ደብረ ብርሃን ችግር የለውም፣ መንገዱ አስፋልት ነው ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ከዛ አልፈሽ ጣርማበርን የምትሄጂ ከሆነ ስትወርጂ በማርሽ ያዢያት ፍሬን ላይ አትንጠልጠይ። ሌላው ዝቅ ያለች ናት፣ አንዳንድ ሰፈር ነዋሪው ራሱ የሰራው የፍጥነት መቀነሻ አለ፣ ሰው ከሞላ ሆዷን ይነካል። በከባድ መኪና ጎን ስታልፊ ደግሞ ንፋሱ ይገፋታል፣ ክብደቷ አንድ ቶን እንኳን አይሞላም፣ መሪውን በሁለት እጅ ያዢ። ይሄን ሁሉ አውቄም ቢሆን ዛሬ ምረጥ ብትይኝ ዲዛየር ነው የምመርጠው።

የሞተር ታሪክ

የጃፓን ነው ወይስ የህንድ ላልሽው ሁለቱም ልክ ናቸው። ካምፓኒው ጃፓን ነው፣ ዲዛየር ግን ተወልዳ ያደገችው ህንድ ነው።

ሚቺዮ ሱዙኪ የሚባል ሰው በ1909 ሃማማትሱ ከተማ ላይ የሽመና ማሽን መስራት ጀመረ፣ መኪና አይደለም፣ ሸማኔዎች የሚጠቀሙበት ማሽን። አባትሽ ይሄን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል ምክንያቱም ቶዮታም መነሻው እዛው ነው፣ ሳኪቺ ቶዮዳ የሽመና ማሽን ፈጣሪ ነበር፣ የተወለደውም ከሃማማትሱ አጠገብ ኮሳይ የሚባል ቦታ ነው። ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የጥጥ ስራው ሲወድቅ ሱዙኪ በ1952 ብስክሌት ላይ የሚገጠም 36 ሲሲ ሞተር አወጣ፣ በ1955 ደግሞ ሱዙላይት የምትባል ትንሽ መኪና ሰራ፣ 360 ሲሲ፣ የፊት ጎማዋ የሚጎትት፣ በዛ ዘመን ጃፓን ውስጥ የፊት ጎማ የሚጎትት መኪና ብርቅ ነበር። ከዛ ጀምሮ ስራው ትንሽ መኪና በርካሽ መስራት ነው፣ እዛ ላይ ማንም አይደርስበትም።

1970ዎቹ ላይ የጃፓን የጭስ ህግ ሲጠብቅ ሱዙኪ ሊሰምጥ ነበር፣ ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተሩ ህጉን ማለፍ አቃተው። ያኔ ቶዮታ ገብቶ ከዳይሃትሱ ሞተር እንዲያገኝ አደረገው። በ1978 ፕሬዚዳንት የሆነው ኦሳሙ ሱዙኪ ነው ከዛ በኋላ ያነሳው። ይሄ ሰውዬ የባንክ ሰራተኛ ነበር፣ የመስራቹን የልጅ ልጅ ሲያገባ የቤተሰቡን ስም ወሰደ፣ ከዛ ከ40 አመት በላይ ካምፓኒውን መርቶ በ2024 ታህሳስ ላይ በ94 አመቱ አረፈ። በ1979 አልቶን በ470,000 የን ሸጠ፣ በዛ ዋጋ አዲስ መኪና አልነበረም። ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ህንድን ችላ ባሉበት ጊዜ እሱ በ1982 ከህንድ መንግስት ጋር ተፈራርሞ ገባ፣ በ1983 መጨረሻ ማሩቲ 800 ወጣች፣ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ኢንዲራ ጋንዲ ናት ያስረከበችው። ዛሬ ሱዙኪ ከጃፓን ይልቅ ህንድ ውስጥ ነው ብዙ መኪና የሚሸጠው።

የዲዛየር ኋላ ለምን ቁርጥ ያለ እንደሆነ አስበሽ ታውቂያለሽ? ህንድ ውስጥ ከ4 ሜትር ያጠረ መኪና ቀረጡ ዝቅ ይላል። የ2008ቷ ዲዛየር ከ4 ሜትር ትረዝም ነበር፣ በ2012 ቆርጠው አሳጠሯት፣ ያቺ አንቺ የምታያት ከ2017 በኋላ ያለችው 3,995 ሚሊ ሜትር ናት። ሞተሯም 1,197 ሲሲ። ለእኛ ሀገር የተመቸችው በዚህ ነው፣ በፈረንጅ 2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ህግ ከ7 አመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 ፐርሰንት ሲጥል፣ አዲስና ከ1,300 ሲሲ በታች የሆነውን ግን አቀለለለት። እንደ ድሮው አሮጌ ቪትዝ ከዱባይ ማምጣት አላዋጣም፣ ዲዛየር ከተማውን ሞላችው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቶዮታና ሱዙኪ በ2019 አክሲዮን ተለዋውጠዋል። አሁን አፍሪካ ውስጥ በአዲስነት የሚሸጠው ቶዮታ ስታርሌት ሱዙኪ ባሌኖ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ከ2023 ጀምሮ "ቶዮታ ቪትዝ" ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ሱዙኪ ሴሌሪዮ ነው፣ ማርካው ብቻ ነው የተቀየረው። ይሄን ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ቶዮታ ራሱ ስሙን አምኖ የሚለጥፍበትን ካምፓኒ መናቅ ልክ አይደለም።

ዘ ቨርጂኒያ

እኔ አሜሪካ ነው ያለሁት ለወንድሜ አዲስ አበባ መኪና ስናፈላልግ ይሄን ሁሉ አንብቤያለሁ። እዚህ ሱዙኪ መኪና መሸጥ ያቆመው በ2012 ነው። ሳሙራይ የምትባለዋን ትንሿን ፎርዊል ድራይቭ አንድ ታዋቂ የሸማቾች መጽሄት በ1988 ትገለበጣለች ብሎ ጻፈባት፣ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው በ2004 ነው የታረቁት፣ ስሙ ግን ከዛ በኋላ እዚህ አላገገመም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሴፍቲው ነው እና ማንም ስላላነሳው ልናገር። ግሎባል ኤንካፕ የሚባለው ድርጅት መኪና እያጋጨ ይፈትሻል፣ ህንድ የተሰራችው ሱዙኪ ኤስ ፕሬሶ በ2020 ዜሮ ኮከብ ነው ያገኘችው፣ ሱዙኪ ስዊፍት በ2022 አንድ ኮከብ። ዲዛየርና ስዊፍት በአንድ ፕላትፎርም ላይ ነው የተሰሩት። በ2024 የወጣችው አዲሷ ዲዛየር አምስት ኮከብ አገኘች፣ ማለት መስራት ሲፈልጉ ይችላሉ። አንቺ የምትገዣት ግን የፊተኛዋን ነው ስለዚህ ኤርባግ ስንት እንዳላት፣ ደግሞ ተጋጭታ ኤርባጓ ፈንድቶ በባዶ የተሸፈነ እንዳይሆን አስፈትሺ። ቤተሰብ ነው የምትጭኚው።

ጋሽ ከባህር ዳር

ልጄ፣ አባትሽ ያሉሽ ከፍቅር ነው፣ በኛ ጊዜ ቶዮታ ካልሆነ መንገድ ላይ የሚቀር ነበር የሚመስለን። እኔ ግን ግራንድ ቪታራ ይዤ ብዙ ዘመኔ ነው፣ የ2007 ባለ 2 ሊትር። ይቺ መኪና ከላይ የከተማ መኪና ትመስላለች፣ ስሯ ግን ሻንሲው ከቦዲው ጋር አብሮ የተበየደ ነው፣ ከባድ ማርሽም አላት፣ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይሰራል። ክረምት ላይ ጎጃም ገጠር ጭቃ ውስጥ ገብታ ትልልቆቹ ሲቆሙ ወጥታለች። ቤንዚን ትጠጣለች፣ እሱን አልደብቅም፣ ለዚህ ነው አሁን የሚፈልጋት ሰው ያነሰው። እና ሱዙኪ ሲባል ቀላል መኪና ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። አንቺ ለከተማ ስለሆነ ዲዛየር ይበቃሻል፣ ሊብሬውን ብቻ ከባለቤቱ እጅ ራሱ ተቀበዪ።

መካኒክ ነኝ

ታሪኩን ወንድሜ ጥሩ አድርጎ ነግሮሻል፣ እኔ ደግሞ ገበያ ሄደሽ ምን እንደምታዪ ልንገርሽ ምክንያቱም ሰው የሚከስረው ማርካ መርጦ ሳይሆን የተጎዳ መኪና ገዝቶ ነው።

ኮድ 3 ስለሆነች ብቻ አትሽሺ፣ ራይድ የሰራች መኪና በሰአቱ ዘይት የተቀየረላት ከሆነ ቆማ ከኖረች ትሻላለች። ኪሎ ሜትሩን ግን አትመኚ፣ የሚቀንሱ ሰዎች አሉ። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳል ላስቲክ እዪ፣ የመሪው ጨርቅ ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ አብረቅርቆ እንደሆነ እዪ፣ የሹፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ሰምጦ እንደሆነ እዪ። ዳሽቦርዱ 60 ሺህ እያለ ፔዳሉ ብረቱ ከታየ መልሱን አግኝተሻል። ሻንሲ ቁጥሩ በኤም ኤ 3 ከጀመረ ህንድ የተሰራች ናት፣ አይክፋሽ፣ እቃ የሚገኘውም በዛ ምክንያት ነው። ሶማሌ ተራ የማታጪው ነገር የለም፣ ችግሩ የማይረባውም በዛው ካርቶን ውስጥ መኖሩ ነው፣ የፍሬን ሸራና ፊልትሮ ላይ ርካሽ አትፈልጊ።

አሁን ዋናው። "አውቶማቲክ ናት" ከተባልሽ ተጠንቀቂ። ከ2017 በኋላ ያለችው ብዙዋ አውቶማቲክ ዲዛየር ኤ ጂ ኤስ ነው የሚባለው፣ ማለት ካምቢዮው ያው የማንዋል ነው፣ ውስጡ ፍሪሲዮን አለ፣ እግርሽ የሚሰራውን ስራ ሞተርና ኮምፒውተር ይሰራልሻል። እንደ ቪትዝ አውቶማቲክ አይደለም። ማርሽ ሲቀይር ትንሽ ይጎትታል እሱ ተፈጥሮው ነው። ግን ሰው ዳገት ላይ ፍሬን ሳይዝ በቤንዚን ብቻ ያቆማታል፣ ያ ፍሪሲዮኑን ይበላዋል። ስለዚህ ስትሞክሪ ሜዳ ላይ አትሞክሪ፣ አቀበት ላይ አቁመሽ ተነሺ። ከተንቀጠቀጠች ወይ የተቃጠለ ሸራ ከሸተተሽ ተያት። ለመንዳት የሚከብድሽ ካልሆነ ማንዋሏን ግዢ፣ ፍሪሲዮኗን ማንም ሰፈር ያለ መካኒክ ይቀይርልሻል።

ፊት ለፊት ስሯ ኳ ኳ ካለ የስታቢላይዘር ሊንክና ቡሽ ነው፣ በኛ መንገድ ቶሎ ያልቃል፣ ትልቅ ወጪ አይደለም፣ በሱ ዋጋ ተከራከሪበት። የኮፈኑ ቡሎኖች ላይ ቀለም ከተላጠ ግን ተፈታ ነበር ማለት ነው፣ ባትላሜራ ይዘሽ ሂጂ።

ቤዛ ከሰሚት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የቶዮታ ስታርሌቱን ነገር ለአባዬ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ቆየና "እንግዲህ መካኒክ ይዘን ሄደን እንያት" አለኝ፣ ይሄ ለሱ ብዙ ነው። ጋሼ ምክርዎን ሰምቻለሁ አመሰግናለሁ። ነገ ማንዋል አንዷን ላያት ነው፣ ባለቤቷ "ሞተሯን በወፍራም ዘይት ነው የያዝኳት ለዛ ነው ድምጿ የማይሰማው" አለኝ። ይሄ ጥሩ ነው?

መካኒክ ነኝ

ጥሩ አይደለም እህቴ። ይሄ ሞተር ክፍተቱ ጠባብ ነው፣ የሚፈልገው ቀጭን ዘይት ነው፣ 5 ደብሊው 30 ወይ ከዛ የቀጠነ። ጠዋት በብርድ ስትነሺ ወፍራም ዘይት ወደ ላይ እስኪደርስ ይዘገያል፣ የሚበላውም ያኔ ነው። ደግሞ ወፍራም ዘይት የሚያስገቡት ብዙ ጊዜ ድምጽ ለመደበቅ ወይ ዘይት መብላቷን ለመሸፈን ነው። ጠዋት ሳትሞቅ ሂጂ፣ "ሳልመጣ አታስነሳት" በይው፣ ኮፈኑን በእጅሽ ነክተሽ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጪ። ከዛ አስነሺና ማርሚታው ጋ ቁሚ፣ ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ወይ ከፊት በኩል ሰንሰለቱ ለጥቂት ሰከንድ ከተንጫጫ ዋጋ ላይ እንኳን አትነጋገሪ። ንጹህ ከሆነች የዘይቱን መክደኛ ክፈቺና ውስጡን በስልክሽ መብራት እዪ፣ ጥቁር ጭቃ ካልተጋገረ ግዢያትና በዛው ቀን ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀይሪ።