አደይ አበባ ለማየት ከከተማ ዳር የት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ቡራዩ ነን። በመስከረም ልጆች ይዘን ደርሶ መልስ የሚሆን ቦታ ጠቁሙን። መኪናችን ቪትዝ ናት።

መልስ 1፦ እንጦጦ ውጡ፤ አስፋልቱ ማርያም ድረስ ያደርሳል። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን፣ በኋላ ደመና ከወረደ ከተማው አይታይም። ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋልና ለልጆቹ ጃኬት ያዙ።

መልስ 2፦ ከቡራዩ ለሚነሳ ሰው መናገሻ ሱባ ደን እያለ እንጦጦ ምን ያደርጋል? ጽዱን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል፤ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው። ግን መንገዱ ጭቃ ነው፤ ዝናቡ ሁለት ሦስት ቀን ካላቋረጠ ቪትዝ ሆዷ መሬት ይነካል። አደዩንም ደኑ ውስጥ አትፈልጉት፣ ጥላ አይወድም። ማሳ ዳርና ገላጣ ሜዳ ላይ ነው የሚፈካው።

መልስ 3፦ መስከረም 16 አትውጡ፣ ለደመራ መንገድ ይዘጋል። ጥቅምት ከገባ ደግሞ አበባው ይረግፋል።