ማግኔትነቱ እዚህ ግባ የማይባል ፊልም ቴራኸርትዝን እንዴት ያዞራል?

ሰብለ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሲሊከን ላይ የተጋገረ፣ 50 ናኖሜትር ውፍረት ያለው የማንጋኒዝና የቆርቆሮ ፊልም አለኝ፤ ሦስት ማንጋኒዝ ለአንድ ቆርቆሮ። በክፍል ሙቀት፣ የማግኔት መስክ ሳይኖር፣ 1 ቴራኸርትዝ አካባቢ (በሰከንድ ትሪሊዮን ንዝረት) ያለ ሞገድ ሲያልፍበት ፖላራይዜሽኑ፣ ማለትም የሚነዝርበት አቅጣጫ፣ 3 ሚሊራዲያን ያህል ይዞራል። ማግኔትነትን የሚለካው ማግኔቶሜትር ግን ከፊልሙ ምንም አላገኘም ማለት ይቻላል። የትኛውን ልመን?

ዳዊት፦
ፖላራይዘሮችሽን (የሞገዱን አቅጣጫ የሚመርጡትን ማጣሪያዎች) አጣሪ። ትንሽ መዛነፍም ያን ያህል ማዕዘን ይሰጣል።

ጋሼ መኮንን፦
መጠርጠሩ ደግ ነው፤ ፖላራይዘር ሲያቃኑ ከመዋል ግን የሚሻል አለ። ፊልሙን በጠንካራ መስክ ወደ አንድ ወገን አዙሪው፤ መስኩን አጥፍተሽ ለኪ። ከዚያ በተቃራኒው መስክ ድገሚ። የሁለቱ ልዩነት ግማሽ የፊልሙ ነው፤ የመሣሪያው መዛነፍ መስክ ስለተገለበጠ ምልክቱን አይቀይርምና ሲቀናነስ ይወድቃል። ይህ ያልተደረገበትን ግራፍ እኔ አላነብም።

ማግኔቶሜትሩም አልዋሸም። የማንጋኒዞቹ ስፒኖች (እንደ ጥቃቅን ማግኔት የሚሆኑት) በሦስት ማዕዘን ተደርድረው እርስ በርስ ስለሚጣፉ፣ ለአንድ አተም የሚተርፈው ከቦር ማግኔቶን (የአንድ ኤሌክትሮን ማግኔትነት መለኪያ) ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው። ድርድሩ ግን የጊዜ ሲሜትሪን ያፈርሳል (ጊዜ ወደ ኋላ ቢገለበጥ ድርድሩ ያው አይሆንም)፤ በዌይል ነጥቦች (ሁለት የኤሌክትሮን ኃይል ደረጃዎች በሚነካኩባቸው ቦታዎች) አካባቢ ያለው የቤሪ ኩርባ፣ ማለትም የኤሌክትሮን ሞገዶች ጠመዝማዛነት፣ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ጎን ይገፋል። ማዕዘኑን የሚሠራው ይህ የጎን ጅረት እንጂ የማግኔትነቱ ብዛት አይደለም። የቶኪዮ ተመራማሪዎች የሆል ውጤት የሚባለውን ይህን የጎን ጅረት በ2015 በቀጥታ ጅረት፣ በ2020 ደግሞ በስስ ፊልም ላይ በቴራኸርትዝ አሳይተዋል።

አስይው። የጎን አስተላላፊነቱን በሜትር 2,000 ሲመንስ፣ የቀጥታውን 400,000 አድርገሽ ውሰጂ። የመጀመሪያውን በውፍረቱና በ377 ኦም (የባዶ ቦታ የሞገድ ኢምፔዳንስ) ስታባዢ 0.038 ይሆናል። ሁለተኛው በዚያው መንገድ 7.5 ይሰጣል፤ በዚህ ላይ የአየሩን 1ንና የሲሊከንን 3.4 (ሞገድ የመስበር መጠናቸውን) ጨምሪና የመጀመሪያውን ለድምሩ አካፍይ። 3 ሚሊራዲያን አልመጣም?

ሰብለ፦
መጣ! ግን ጋሼ፣ 0.56 እና 1.1 ቴራኸርትዝ አጠገብ ማዕዘኑ ይዘላል።

ጋሼ መኮንን፦
እሱ የአየሩ እርጥበት ነው። የውሃ ትነት እዚያ ሞገዱን ስለሚውጥ የሚቀርሽ ጫጫታ ብቻ ነው። የጨረሩን መንገድ ከድነሽ ደረቅ ናይትሮጂን ንፊበት። ዳዊት አሁንም ካላመነ ፊልሙን ከ430 ኬልቪን በላይ አሙቂለት፤ የስፒኖቹ ድርድር እዚያ ስለሚፈርስ ያ 3 ሚሊራዲያን መጥፋት አለበት።