የቤት ሰርቨር ኮንፊግ ባክአፕ፦ ለስም አሰጣጥና ለማስቀመጫ ጥቆማ ፈልጌ

የሰሚቷ
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ ፕሮክስሞክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ምናባዊ ማሽኖች የሚያስነሳ ሶፍትዌር) የጫንኩባት ሚኒ ፒሲና አንድ ሚክሮቲክ ሩተር አሉኝ። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሩተሩ ሴቲንጉን በሙሉ አጥፍቶ ጠበቀኝ። ባክአፕ አለኝ ብዬ ሳልደነግጥ ፎልደሩን ከፈትኩ። «ባክአፕ»፣ «ባክአፕ አዲሱ»፣ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው 2»። አንድ በአንድ ስሞክር አመሸሁ። እናንተ እንዴት ነው ስም የምትሰጡት? ፎልደር የምትከፍሉት በዕቃው ነው በቀኑ? ለማስቀመጫስ ፍላሽ፣ ሃርድ ዲስክ ወይስ ክላውድ ይሻላል?

ገመድ አልባ
እህቴ፣ ቀኑን አስቀድሚ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ለምሳሌ 2025-07-12_ሩተር_ሳሎን። በስም ሲደረደር በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፍልሻል። 12-07-2025 ካልሽው ግን የየወሩ 12ኛ ቀን አንድ ላይ ይከማቻል። ሰዓትም የምትጨምሪ ከሆነ በሰዓትና በደቂቃው መሀል ሁለት ነጥብ (:) አታስገቢ፤ ዊንዶውስ አይቀበለውም።

ጳጉሜ
እኔ በእኛ አቆጣጠር ነበር የምጽፈው፤ እስካሁንም ልቤ እዚያው ነው። ችግሩ ፕሮክስሞክስ ራሱ የሚያወጣው ፋይል በፈረንጅ ቀን ነው። የኔ 2017-11-05 እና የሱ 2025-07-12 አንድ ቀን ሆነው ሳለ በፎልደሩ ውስጥ ተራራቁ። ጳጉሜን ሲገባማ ስክሪፕቴ 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ ቆመ። ሰዓቱንም ልብ በይ፤ ማሽኑ 02:00 የሚለው የኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ስሙን በአማርኛ የምትጽፊ ከሆነ ደግሞ ፊደል ምረጪና በሱ ጽኚ። አንዱን «ሳሎን» ሌላውን «ሣሎን» ካልሽ ስትፈልጊ ግማሹን አታገኚውም።

ዲስክ ያቃጠለው
ስሙ ምንም ይሁን፣ ማስቀመጫው ላይ ተጠንቀቂ። 1 ቴራባይት የሚል ፍላሽ በርካሽ ገዛሁ። ኮምፒውተሩም 1 ቴራ ብሎ አሳየኝ። ለወራት ባክአፕ ስገለብጥበት ቆየሁ። ሰርቨሩ ሲሞት ከፈትኩት፤ ስሞቹ በሙሉ አሉ፣ ውስጣቸው ግን ባዶ። ለካ እውነተኛ መጠኑ 32 ጊጋ ነው። የልጄ የመጀመሪያ ዓመት ፎቶዎች አብረው ሄዱ። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

የመገናኛው ልጅ
አይዞህ ወንድሜ። እኔ መገናኛ አንድ ሱቅ አለኝ፤ ስንት ዓመት ከሱ ስገዛ አንድም ቀን አላታለለኝም። ከማያውቁት ሰው መግዛት ነው ችግሩ።

ገመድ አልባ
ሱቁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን ባለሱቁም የተሸጠለትን ነው የሚሸጠው። ሲገዙ መፈተሽ ነው። ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የሚባል ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፤ የጠፋውን ያሳያል።

የመገናኛው ልጅ
የኔ ሰውዬ ዘንድ መፈተሽ አያስፈልግም። ቢበላሽ እንኳ ይቀይርልኛል።

ዲስክ ያቃጠለው
ፍላሹን ይቀይርልህ። ፎቶውን ማን ይቀይርልሃል?

ቮልቴጅ
ዋናው ነገር ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው። መብራት መጥቶ ሲሄድ ነው ዕቃ የሚበላው። ባትሪው የሚቀየር ዓይነት ግዢ።

ጥያቄውን አንብቡ
ልጅቷ ፋይሌን ምን ብዬ ልሰይም አለች። እኛ ፍላሽ ሸጥን፣ ባትሪ ቀየርን። ቀጥሎ ጄኔሬተር ነው?

ጋሼ ኔትወርክ
ልጄ፣ እኔ በሥራም በቤትም የማደርገውን ልንገርሽ። ፎልደር በዕቃ ክፈዪ፤ ሩተር ለብቻ፣ ፕሮክስሞክስ ለብቻ። ዕቃ ሲበላሽ የምትፈልጊው የዚያን ዕቃ ፋይል ነውና። ስሙ ላይ ከቀኑ ቀጥሎ የዕቃውን ስም፣ የሶፍትዌሩን ቨርዥን፣ ከዚያ ለምን እንዳስቀመጥሽው በአንድ ቃል፤ «ከአፕዴት በፊት» ዓይነት። እኔን ብዙ ጊዜ ያዳነኝ ይህ የመጨረሻው ቃል ነው።

ሚክሮቲክ ላይ ሁለቱንም ውሰጂ። ባክአፕ የሚለው ለዚያው ሩተር የሚመለስ ነው። ኤክስፖርት የሚለው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከፍተሽ ታነቢዋለሽ፣ ሌላ ሩተር ሲገዛም ቆርጠሽ ትጠቀሚበታለሽ። ግን የተጠቃሚ ፓስወርድና ሰርተፊኬት አይዝም፤ እነሱን ለብቻ ያዢ።

ፕሮክስሞክስ ፋይሉን በውስጡ ባለው ማሽን ቁጥር ነው የሚጠራው፤ 100፣ 101 እያለ። ከዓመት በኋላ 100 ምን እንደነበረ ይጠፋሻል። የማስታወሻ ቦታ አለው፣ ስሙን እዚያ ጻፊ። ይህ ባክአፕ የውስጦቹን ማሽኖች ብቻ እንደሚይዝም እወቂ። የፕሮክስሞክሱን የራሱን ኔትወርክ ሴቲንግ ለብቻ መገልበጥ አለብሽ።

ደግሞ የሩተር ኤክስፖርት ኪሎባይት ነው። 1 ቴራ ምን ያደርግልሻል? ጉግል ድራይቭ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ይተርፋል። ከመጫንሽ በፊት ግን ሰቨን ዚፕ በሚባለው የፋይል መጠቅለያ ፕሮግራም ፓስወርድ አድርጊበት፤ ውስጡ የቤትሽ ቁልፍ ነው። አንድ ኮፒ ደግሞ ቤት ይኑር፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ክላውዱ አይደረስም።

የሰሚቷ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኔም 100 ነው፣ ምን እንደሆነ አሁን ከፍቼ ነው ያወቅኩት። ፍላሹን የገዛኸው ወንድሜ፣ መልኩ ምን ዓይነት ነበር? እኔም ባለፈው ወር አንድ 1 ቴራ የሚል ገዝቻለሁ።

ዲስክ ያቃጠለው
ብርማ፣ ሁለት አፍ ያለው፤ በአንድ በኩል ታይፕ ሲ። ዛሬ ማታውኑ በኤፍ3 ፈትሺው። ውስጡ ያለውን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተርሽ ገልብጪ።

የመገናኛው ልጅ
ከየትኛው ሱቅ ነው የገዛሽው?