ልጄ ኤፒ ትውሰድ ወይስ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሄዳ ትማር?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 10ኛ ክፍል ናት፣ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። የሚቀጥለውን ዓመት ኮርስ መምረጫ ይዛ መጣች፤ ሳየው አራት ኤፒ ላይ ምልክት አድርጋለች። ባዮሎጂ፣ ካልኩለስ፣ የእንግሊዝኛው ላንጉጅ የሚባለው እና የአሜሪካ ታሪክ። ካውንስለሯ ደግሞ ዱዋል ኢንሮልመንትም አለ፣ ከፈለግሽ ሃይስኩል እያለሽ እዚህ ያለው ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሄደሽ መማር ትችያለሽ ብላታለች።

እኔ የማውቀው ማትሪክን ነው። አንዴ ትፈተናለህ፣ ወይ አለፍክ ወይ ወደቅክ፣ አለቀ። እዚህ ግን የሚነግረኝ ሁሉ ይለያያል። አንዷ ጓደኛዬ ኤፒ ካልደረደረች ጥሩ ዩኒቨርሲቲ አትጠብቂ ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ የኛ ልጅ ሃይስኩል ሳትጨርስ የኮሌጁን ግማሽ ጨርሳ ስንት ብር ተረፈልን ትላለች። ልጅቷ ሐኪም መሆን ነው የምትፈልገው (እሷ ትሁን እኔ የምፈልገው አሁን አሁን ለይቼ አላውቅም)። አሁንም ቢሆን እኩለ ሌሊት ድረስ መብራቷ አይጠፋም፣ አራቱን አንድ ላይ እንዴት ልትችለው ነው? ልዩነቱን በቀላሉ የሚያስረዳኝ ካለ እባካችሁ።

ሪጅስትራር ቢሮ

እህቴ፣ ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ነው የምሠራው። ምዝገባ በመጣ ቁጥር ይሄንኑ የሚጠይቀኝ የሀበሻ ወላጅ አይጠፋም።

ኤፒ ማለት ልጅሽ እዚያው ሃይስኩሏ፣ በሃይስኩሉ አስተማሪ፣ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ደረጃ ያለው ትምህርት ትማራለች፤ ከዚያ ሜይ ላይ ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት የሚያወጣውን ፈተና ትፈተናለች። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፣ ጁላይ ላይ ይወጣል። ክሬዲት፣ ማለትም ኮሌጅ ስትገባ ለዲግሪዋ የሚቆጠርላትን ነጥብ፣ የሚያስገኘው ይሄ ፈተና ነው። ክፍል ውስጥ ኤ አምጥታ ፈተናው ላይ 2 ብታገኝ የክፍሉ ኤ ለሃይስኩል ጂፒኤዋ ይጠቅማል እንጂ ክሬዲት አያመጣላትም።

ዱዋል ኢንሮልመንት ላይ እንደዚያ ያለ የመጨረሻ ፈተና የለም። ኮሌጁ ራሱ ተማሪዬ ብሎ ይመዘግባታል፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያመጣችው ግሬድ የኮሌጅ ትራንስክሪፕቷ ላይ ይገባል። ብዙ ወላጅ ሳይነገረው የሚያልፈው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ትራንስክሪፕቱ አይፋቅም። በ16 ዓመቷ ያመጣችው ዲ ዲግሪዋን ይዛ ሥራና ትምህርት ስታመለክትም አብሯት ይሄዳል። በተለይ ሐኪም ካልሽ አይቀር፣ ለሜዲካል ስኩል የሚመለከትበት ኤኤምካስ የሚባለው ሥርዓት ኮሌጅ የተወሰደ ኮርስ በሙሉ እንዲገባ ያስገድዳል፣ ሃይስኩል እያሉ የተወሰደውንም ጭምር፤ ጂፒኤው ውስጥም ይደመራል። ፋይናንሻል ኤይድ ላይም የወደቀችበትና ያቋረጠችው ኮርስ ሊቆጠርባት ይችላል። የኤፒ ፈተና ግን ካልጣማት ውጤቱን ሳትልክ ብትቀር አብዛኛው ኮሌጅ አይጠይቃትም።

ዱዋል ኢንሮልመንት ይቅርባት ማለቴ ግን አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ብሉፕሪንት በሚባለው ሕግ መሠረት የኮሌጅ ዝግጁነት መስፈርቱን ላሟላ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪ የትምህርት ክፍያው ነጻ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያው ስቴት ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከገባች የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ክሬዲት ባብዛኛው ይያዝላታል። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከስቴት ስትወጣ ወይም የግል ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ነው።

ስለዚህ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ልትገባባቸው የምታስባቸውን አራት አምስት ዩኒቨርሲቲዎች ጻፉና ክሬዲት የሚሰጡበትን ሠንጠረዥ ድረ ገጻቸው ላይ ፈልጉ። በየትኛው ትምህርት ስንት ስታመጣ የትኛውን ኮርስ እንደሚተካላት በግልጽ ተጽፏል። አንዱ በ3 ይሰጣል፣ ሌላው 5 ካልሆነ አያይሽም፣ ሌላው ክሬዲቱን ይሰጥና ለሜጀሯ ግን አልቆጥርም ይላል። ኢሊኖይ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 3 ላመጣ ክሬዲት እንዲሰጡ በሕግ ይገደዳሉ። ዳርትማውዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ኤፒን ለዲግሪ ክሬዲት መቁጠር ትቷል፣ ካልቴክም አይቆጥርም። አንድ ዲግሪ ወደ 120 ክሬዲት ስለሚፈልግ 15 ክሬዲት የተያዘለት ልጅ አንድ ሴሚስተር ቀነሰ ማለት ነው፤ «የተያዘለት» የሚለው ላይ አስምሪበት።

ቡና በወተት

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ሃይስኩል እያለሁ ኤፒ በብዛት ወስጃለሁ። ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ከተማሪ ወገን ትንሽ ልጨምር።

አራቱ ኤፒዎች ክብደታቸው እኩል አይደለም። ጊዜ የሚበላው ታሪኩ ነው። ንባቡ አያልቅም፣ ፈተናው ላይ ደግሞ ሰባት ሰነድ ሰጥተው ከእነሱ ተነስተሽ ተከራከሪ ይላሉ። የእንግሊዝኛው ዓመቱን ሙሉ ያን ያህል አያስጨንቅም፣ ግን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሦስት ድርሰት መጻፍ አለባት። አንዱ ላይ ስድስት የተለያየ ምንጭ ይሰጧታል፣ አንብባ ቢያንስ ሦስቱን እየጠቀሰች የራሷን አቋም ታስረዳለች። እንደኔ እንደኔ ከሁሉም ጠቃሚው ይሄ ነው፤ ኮሌጅ ገብቼ የመጀመሪያውን ፔፐር ስጽፍ ሌሎቹ ልጆች ሲደናገጡ እኔ የማውቀው ሥራ ነበር።

ባዮሎጂ 60 ምርጫ በ90 ደቂቃ፣ ከዚያ በሌላ 90 ደቂቃ ስድስት የጽሑፍ ጥያቄ ነው። ሸምድዶ መግባት አይሠራም። ግራፍ ይሰጡና እዚህ ሙከራ ላይ ኮንትሮሉ የቱ ነው፣ ይሄ ኤንዛይም ባይሠራ ሴሉ ምን ይሆናል ዓይነት ነገር ነው። ካልኩለሱን ደግሞ ኤቢ ነው ወይስ ቢሲ ብለው ይጠይቋት። ኤቢ በግምት የኮሌጁን ካልኩለስ 1 ይሸፍናል፣ ቢሲ ካልኩለስ 2ንም ይጨምራል። ፕሪካልኩለስ በደንብ ካልገባት ሁለቱም መከራ ነው።

ሐኪም የሚለው ላይ ደግሞ፣ ባዮሎጂ ላይ 5 ብታመጣም ብዙ ሜዲካል ስኩሎች ኤፒውን ብቻ ይዞ መምጣትን አይቀበሉም፤ ኮሌጅ ገብታ ላብ ያለው ባዮሎጂ እንድትወስድ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ባዮሎጂን ለማወቅ ትውሰደው፣ ለመዝለል ብላ አይሁን። ክሬዲት በትክክል የሚያተርፈው እነ ታሪክ፣ እነ እንግሊዝኛ ላይ ነው፤ ሁሉም ሜጀር የሚጠየቃቸው ናቸውና።

ክፍያውን አይርሱ። አንዱ ፈተና ወደ 100 ዶላር ነው። ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ቅናሽ አለ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ካውንቲው የሚሸፍንበትም አለ። ለፈተናው መመዝገቢያው ግን ኖቬምበር ላይ ነው የሚዘጋው፤ ፈተናው ሜይ ስለሆነ ሁሉም ሰው ገና ነው ይልና ከዚያ 40 ዶላር መቀጫ ይጨመርበታል።

ሲያትል ነኝ

ዱዋል ኢንሮልመንቱ እኛ ጋ ራኒንግ ስታርት ይባላል። 11ኛና 12ኛ ክፍል ያለ ልጅ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሄዶ ያለ ትምህርት ክፍያ ይማራል፤ መጽሐፍ፣ መመላለሻና አንዳንድ ጥቃቅን ክፍያ ከኪስ ነው። 5 ክሬዲት ያለው አንድ የኮሌጅ ኮርስ እንደ ሃይስኩል የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት ይቆጠራል። ኮርሱ የሚያልቅበት ኳርተር ግን ሦስት ወር እንኳ አይሞላም፤ ፍጥነቱን አስቡት። ትልቁ ልጄ በዚህ ነው የወጣው።

ብሩ እውነት ነው፣ ይተርፋል። ማንም የማያወራው ሌላ ነገር አለ። ልጁ አጠገቡ ከሌሊት ሥራ የወጣ የ35 ዓመት ሰው ተቀምጦ ነው የሚማረው። መምህሩ ቤት አይደውልም፣ የቤት ሥራ አላመጣም ብሎ ኢሜይል አይልክም። እኔ ሃይስኩል እያለ ስልኬ ላይ ግሬዱን በየቀኑ የማይ ሰው ኮሌጁ ስደውል «ይቅርታ፣ ለልጁ ነው የምንነግረው» አሉኝ። ሕጉ ነው፣ ፌርፓ የሚባለው። ልጁ 16 ዓመቱ ቢሆንም ኮሌጅ ከተመዘገበ ለዚያ ትምህርት መብቱ የራሱ ነው፣ ወላጅ ባብዛኛው በልጁ ፈቃድ ነው የሚያየው። እንግዲህ የሀበሻ አባት ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እናንተ ታውቃላችሁ። ለኛ ልጅ ሠራ፣ ሳይቀሰቅሱት የሚነሳ ልጅ ነው። ታናሹን ግን አልልከውም፤ ኳስ ቡድኑና ጓደኞቹ እዚያ ናቸው፣ ቀልቡም ገና አልተሰበሰበም።

የድሮ መምህር

ኢትዮጵያ እኮ ይሄንኑ ለአገር በሙሉ ሞክራዋለች። የፍሬሽማኑ ትምህርት ወደ ፕሪፓራቶሪ ወረደ ተባለና ብዙው ዲግሪ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት አጠረ። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ያኔ 11ኛና 12ኛ ፊዚክስ አስተምር ነበር። መጽሐፉ ውስጥ የኮሌጅ ነገር ሞልቷል፣ የሙከራ ዕቃ ግን የለም፤ ኦሲሎስኮፕን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥዬ ነው ያስተማርኩት። ትምህርቱን ወደ ታች ማውረድ ቀላል ነው፣ አስተማሪና ዕቃ አብሮ ካልወረደ ልጁ ስሙን ብቻ ይዞ ይወጣል። እህቴ፣ እዚያ ትምህርት ቤት ኤፒ ባዮሎጂን ማን እንደሚያስተምር፣ ባለፈው ዓመት የተፈተኑት ልጆች ባብዛኛው ስንት እንዳመጡ ጠይቂ። ጥያቄው ነውር የለውም።

ሪጅስትራር ቢሮ

መምህር፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ወርቅ ነው። ማወዳደሩ ላይ ግን አልስማማም። እዚያ ሁሉም ልጅ ፈለገም አልፈለገም የገባበት ነው፤ እዚህ የሚችለውን መርጦ ይወስዳል፣ የከበደውን በጊዜ ይተዋል። ያም ሆኖ ኮርስ የመተዊያው ቀን ካለፈ በኋላ የሚመጣ ወላጅ ብዙ ነው፣ እሱንም ቀድማችሁ እወቁት።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ አብረን ቁጭ ብለን የሦስት ዩኒቨርሲቲ ሠንጠረዥ አየን። እውነትም አንዱ የሚቀበለውን ሌላው አይቀበልም። ታሪኩን ከኤፒ ቀለል ወደሚለው ኦነርስ አወረደችውና ሦስት ኤፒ ይዛለች፤ እሷ ራሷ ናት ያወረደችው፣ እኔ አፌን አልከፈትኩም። ኮሌጁን በሰመር አንድ ኮርስ ወስዳ ልትሞክረው ነው፣ ግሬዱ እንደማይፋቅ ነግሬያታለሁ። የፌርፓውን ነገር ግን አልነገርኳትም!

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አማርኛ ኤፒ አለው? ቤት ውስጥ አማርኛ ነው የምታወራው፣ ማንበብና መጻፉንም ሰንበት ትምህርት ቤት ተምራለች።

ሪጅስትራር ቢሮ

የለውም። የቋንቋ ኤፒ ያለው ለስፓኒሽ፣ ለፈረንሳይኛ፣ ለጀርመንኛ፣ ለጣሊያንኛ፣ ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለላቲን ነው። ግን ስታምፕ የሚባል የቋንቋ ችሎታ ፈተና አማርኛ አለው። እኛ ጋ ፌርፋክስ ካውንቲም በአማርኛ ተፈትኖ የሃይስኩል የቋንቋ ክሬዲት ማግኘት ይቻላል። የኮሌጅ ክሬዲት አይደለም፣ የውጭ ቋንቋ የምትማርበትን ክፍለ ጊዜ ግን ለሌላ ኮርስ ነጻ ያደርግላታል። ተናግራ ብቻ አታልፍም፣ መጻፍም ስላለበት አማርኛ መጻፍ ከአሁኑ ትለማመድ። የናንተ ካውንቲ መቼ እንደሚፈትን ካውንስለሯ ታውቃለች።