የአኳሪየሜ ጥቁር ፀጉር አልጌ አልለቅ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ጉፒ_ሰፈር፦
ሰላም ሰዎች እንዴት ናችሁ። አዲስ አበባ ነኝ፣ 80 ሊትር አኳሪየም አለኝ ዓመት ከምናምን ሆኖታል። ውስጡ ከተክል ድንጋይ ላይ የታሰረ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ከኋላ ረጅሙ ቫሊስኔሪያ፣ ከአሳ ደግሞ 6 ኒዮን ቴትራና ጉፒዎች አሉ (ስንት እንደሆኑ አትጠይቁኝ፣ ይወልዳሉ በቃ)። ከሦስት ወር ወዲህ የአኑቢያሱ ቅጠል ጠርዝ ላይ ጥቁር ፀጉር የመሰለ ነገር በቀለ፣ መጀመሪያ እንደውም ያምራል ብዬ ተውኩት፣ አሁን ድንጋዩንም እንጨቱንም የፊልተሩን አፍም ወርሶታል። በጥፍሬ ብፍቀው አይላቀቅም፣ በጥርስ ብሩሽ ስሞክር ቅጠሉ ተቀደደ እሱ ግን እንዳለ አለ። አሳ የገዛሁበት ቤት ሄጄ ሳማክራቸው አንድ ሰማያዊ ጠብታ ሸጡልኝ፣ ውሃውም እጄም ሰማያዊ ሆነ፣ አልጌው ንቅንቅ አላለም።

መብራቱ በታይመር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ይበራል። ለተክሎቹ ደግሞ ዩቲዩብ አይቼ በፕላስቲክ ጠርሙስ እርሾና ስኳር በጥብጬ ጋዙን በቱቦ አስገባለሁ። ውሃ የምቀይረው ሰፈር ውሃ በመጣ ሳምንት ነው እንግዲህ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጆኒ_ፕሌኮ፦
ውሃውን ሙሉ በሙሉ ድፋውና ገንዳውን በበረኪና እጠበው ብሮ፣ እኔ እንደዛ አድርጌ ነው የተገላገልኩት

እናት_አኑቢያስ፦
የተገላገልከው ከአሳዎቹ ነው እንዴ ጆኒ 😂 ኧረ በፈጠረህ! ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው የአሳውን ቆሻሻ የሚያጣሩት፣ በበረኪና ካጠብከው ከዜሮ ነው የምትጀምረው፣ ከቆሻሻው የሚመጣው መርዛማ አሞኒያ ይጨምራል አሳው ያልቃል፣ አልጌው ደግሞ ከእንጨቱ ስንጥቅ ተመልሶ ይበቅላል።

ጉፒ_ሰፈር ስማኝ ወንድሜ፣ ያንተ ጥቁር ፂም የሚሉት አልጌ ነው። ጥቁር ይምሰል እንጂ ዘሩ ከቀይ ዋቅላሚ ነው (ባዮሎጂ ክላስ አልጌን ዋቅላሚ ሲሉን ትዝ ይላችኋል?)፣ ካላመንከኝ ትንሽ ቆርጠህ የፋርማሲ አልኮል ውስጥ ንከረው፣ ወደ ቀይ ይለወጣል። አሁን ወደ ጥያቄህ፣ የተሳሳትከው እርሾው ጋ ነው። እርሾ እንደ ጠላ ጥንስስ ነው፣ መጀመሪያ ቀናት ይፈላል ከዛ ይደክማል፣ ሌሊት ቤቱ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል ቀን ሲሞቅ ይጨምራል፣ አዲስ ስትበጠብጥ ደግሞ እንደገና ይፈነዳል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ቀን ብዙ አንድ ቀን ምንም ነው፣ ተክል ደግሞ ከማነሱ ይልቅ መዋዠቁን ነው የሚጠላው፣ ቅጠሉ ይደክማል፣ ፂሙ የሚወደው የደከመ ቅጠል ነው። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን እኮ በዝግታ የሚያድጉ ናቸው፣ ጋዝ ባትሰጣቸውም ይኖራሉ፣ ለምን ትደክማለህ? በዛ ላይ ማታ መብራት ጠፍቶም ጠርሙሱ ጋዙን መልቀቅ አያቆምም፣ ጠዋት ጠዋት አሳዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ አይተህ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ይሆናል። አውጣው።

ሁለተኛ 12 ሰዓት መብራት ለእነዚህ ተክሎች የአልጌ ድግስ ነው፣ ወደ 6 ሰዓት አውርደው፣ አንተ ቤት በምትገባበት ሰዓት አድርገው ለምሳሌ ከቀኑ 10 እስከ ማታ 4። ታይመርህ ያ እየተሽከረከረ የሚቆጥረው ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፣ 3 ሰዓት ከጠፋ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው፣ እኔ አንዴ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ ሳሎኑ ቦግ ብሎ ሌባ የገባ መስሎኝ ነበር።

አሁን ያለውን ለመግደል፦ ፋርማሲ ሄደህ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዛ፣ ቁስል የሚታጠብበት ማለት ነው፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅም ያዝ። ጠርሙሱ ላይ ፐርሰንቱን አንብብ፣ ፀጉር ቤት ያለውን ክሬም እንዳትነካው እሱ ሌላ ነገር አለበት። ድንጋይና አሸዋው ሲቀነስ 65 ሊትር ውሃ ቢኖርህ ነው፣ በአንድ ቀን ከ20 ሚሊ ሊትር አትለፍ። ፊልተሩን አጥፋ፣ ውሃው ቀጥ ይበል፣ ሲሪንጁን አልጌው ጋ አስጠግተህ ቀስ እያልክ ልቀቅ፣ አረፋ ታያለህ። 15 ወይ 20 ደቂቃ ጠብቀህ ፊልተሩን አብራ፣ ከዛ ሲሶውን ውሃ ቀይር። ሁሉንም ባንዴ አትምታ፣ ዛሬ አንድ ጥግ በሌላ ቀን ሌላ ጥግ። ድንጋዩን ከነአኑቢያሱ ማውጣት ከቻልክማ የበለጠ ይቀላል፣ ውጭ ላይ ቀባው፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ አለቅልቀህ መልስ። በጣም የተወረሩትን አሮጌ ቅጠሎች ግን ቁረጣቸውና ጣላቸው፣ አትዘንላቸው።

ቢሾፍቱ_ልጅ፦
እናት ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ሽሪምፕ ያለው ሰው ይሄን አንብቦ ዘው እንዳይል። እኔ ሲሪንጁን ትቼ በግምት ከጠርሙሱ ገልብጬ በማግስቱ 14 ሽሪምፕ ለቅሜያለሁ። ሞስ የሚባለው ተክልም አይወደውም ይነጣል።

ሌላ ጥያቄ ልጨምር ይቅርታ፣ የኔ ደግሞ ጥቁር አይደለም፣ አሸዋው ላይ እንደ ጨርቅ የተነጠፈ ዝልግልግ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፣ ስታነሳው በአንድ ላይ ይነሳል፣ ይሸታል። እሱም በፐርኦክሳይድ ነው?

እናት_አኑቢያስ፦
እሱማ አልጌም አይደለም፣ ሳይኖባክቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። አንተ የቢሾፍቱ ልጅ ሆነህ ይጠፋሃል? አረንጓዴ ሐይቅን አረንጓዴ ያደረገው የሱ ዘመድ እኮ ነው፣ ስፒሩሊና የሚባለው 😄 በቱቦ መጥጠህ አውጣው፣ ከዛ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነህ 3 ወይ 4 ቀን ጨለማ አድርግበት፣ ምግብም አትስጥ፣ አየር የሚነፋው ፓምፕ ግን ይስራ። ሲከፈት ውሃ ቀይር። ውሃው የማይንቀሳቀስበት ጥግ ላይ ነው የሚጀምረው ፊልተርህን ወደዛ አዙረው። አንቲባዮቲክ ጨምር የሚሉህ አሉ፣ እኔ አልመክርም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_01፦
እዚህ አሜሪካ ሊኪድ ካርበን እያሉ የሚሸጡት አለ፣ አብዛኛው ግሉታራልዴይድ ነው፣ ሆስፒታል ዕቃ የሚያፀዱበት ኬሚካል ማለት ነው፣ ፂሙን ይገድላል እውነት ነው ግን ቫሊስኔሪያን አቅልጦ ነው የሚጨርሰው። የኔ በአንድ ሳምንት ሾርባ ሆነ። ጉፒ_ሰፈር ከውጭ ሰው ሲመጣ አስመጣለሁ ብለህ ከሆነ ተወው፣ የፋርማሲው ይበቃሃል። ሳያሚዝ አልጌ ኢተር የሚባለው አሳ ፂም ይበላል፣ ግን 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል 80 ሊትር አይበቃውም፣ ሲያድግ ደግሞ ደረቅ ምግብ ይለምድና አልጌውን ዞር ብሎ አያየውም። ሱቅ ውስጥ በስሙ የሚሸጥ አስመሳይም አለ፣ የእውነተኛው ጥቁር መስመር እስከ ጅራቱ ጫፍ ድረስ ይሄዳል፣ እሱን እያችሁ ግዙ።

ጉፒ_ሰፈር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናት አንቺን በተለይ። ጠርሙሱን ዛሬውኑ አውጥቻለሁ፣ እውነትም ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ ይወጡ ነበር እኔ ምግብ የሚጠይቁ መስሎኝ እጨምርላቸው ነበር 🤦

እናት_አኑቢያስ፦
ምግቡንም ቀንስ እንግዲህ። በቀን አንዴ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን። የተረፈው ነው የፂም ማዳበሪያ የሚሆነው። ለመቀየሪያ ደግሞ ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ተጠቀም፣ ከቧንቧ በቀጥታ ከሆነ ባልዲ ውስጥ ክፍት አድርገህ ቢያንስ 24 ሰዓት አሳድረው ክሎሪኑ ይውጣ፣ ስፖንጁንም በቧንቧ ውሃ እንዳታጥበው ከገንዳው በቀዳኸው አሮጌ ውሃ ብቻ።

ጉፒ_ሰፈር፦
ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ፂሙ ሮዝ ሆነ! ልጄ አበባ አወጣ ብላ ጎረቤት ጠራችብኝ። ከዛ ነጣ፣ ከዛ ጉፒዎቹ እየነጩ በሉት፣ ጥቁር እያለ ዞር ብለው የማያዩትን። እንጨቱ ላይ ትንሽ ቀርቷል፣ በየሳምንቱ አንድ ጥግ እመታለሁ። መብራቱን 6 ሰዓት ካደረግኩት ወዲህ አኑቢያሱ ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ ንፁህ። አንድ ቴትራ ሞቶብኛል፣ በዚህ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ትንሽ አብዝቼ ነበር መሰለኝ።

ጆኒ_ፕሌኮ፦
በረኪናው ይሻል ነበር 😅

ጉፒ_ሰፈር፦
ጆኒ አንተን አንድ ቀን እናት ታገኝሃለች። የተረፈውን እርሾ ባለቤቴ ለዳቦ ወስዳዋለች፣ ጉፒ የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ማሰሮ ይዞ ይምጣ፣ በነፃ ነው