ለባሕር ዳርና ለዓባይ በረሃ መንገድ፦ 2.5፣ 1.5 ተርቦ ወይስ ሃይብሪድ?

አወያይ፦ ነዳጅ የሚያቃጥል የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ምርጫው ቀድሞ በገባው መኪና ላይ ነው። ባሕር ዳር ሆኖ ያገለገለ ሴዳን የሚገዛ ሰው የቱን ሞተር ይያዝ? ለንጽጽር በፈረንጆቹ የ2018 ሞዴል የሆኑትን ቶዮታ ካምሪ ባለ 2.5 ሊትር፣ ካምሪ ሃይብሪድ (ከቤንዚን ሞተሩ ሌላ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ያለው) እና ሆንዳ አኮርድ ባለ 1.5 ሊትር ተርቦን (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው) እንውሰድ።

መካኒክ፣ ፋሲሎ፦ 2.5ቱን ነው የምለው። ያ ሞተር ቤንዚኑን በሁለት በኩል ይረጫል፤ በአየር ማስገቢያው በኩልም፣ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩም። ስለዚህ የማስገቢያ ቫልቮቹን ቤንዚን እያጠባቸው ካርቦን እምብዛም አይጋገርባቸውም። አኮርዱ በቀጥታ ብቻ ስለሚረጭ ቫልቮቹ ይጠቁራሉ። ከዚያ የሚብሰው ግን ዘይቱ ነው። ከሽምብጥ ገበያ፣ ከገበያ ቤት እያሉ በሦስትና በአራት ኪሎ ሜትር የሚያጠፉት መኪና ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በፒስተን ቀለበቶቹ በኩል ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ እዩት፤ ዘይት ሳይጨመርበት ከላይኛው ምልክት አልፎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቀጥኗል ማለት ነው። የቀጠነ ዘይት ተርቦውንም ኩሽኔታውንም ይበላል።

ሹፌር፣ የአዲስ አበባ መስመር፦ ስለ ዘይቱ ልክ ነህ ወንድሜ፤ ከፍታውን ግን ዘለልከው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 203 የፈረስ ጉልበት የተባለው ካምሪ እዚሁ ወደ 165 ይወርዳል፣ ደጀን አፋፍ ላይ ደግሞ ወደ 155። አኮርዱ በወረቀት 192 ነው፤ ግን ተርቦው የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛው ጉልበት እጁ ላይ ይቀራል። ቶርኩም፣ ማለትም ሞተሩ የሚያሽከረክርበት ኃይል፣ 260 ኒውተን ሜትር ሲሆን በደቂቃ ከ1,600 ዙር ጀምሮ ይገኛል። ካምሪው 250 አለው፣ የሚያገኘው ግን 5,000 ዙር ላይ ነው። ከበረሃው ሲወጡ ከፊት የሲሚንቶ ተሳቢ አለ፤ ለመቅደም ካምሪው ሁለት ማርሽ ወርዶ መጮህ አለበት፣ አኮርዱ ያንኑ ቦታ ሳይጨነቅ ይጨርሰዋል። ኩርባ በበዛበት መንገድ በተቃራኒው መስመር የሚቆዩባት እያንዳንዷ ሰከንድ የሕይወት ጉዳይ ናት።

መካኒክ፣ ፋሲሎ፦ ያ ዳገት እኮ ተርቦውን ያግለዋል። ደጀን እንደደረሱ ለምሳ ቆመው ቁልፉን ወዲያው የሚያጠፉ ሰዎች ዘይቱን ተርቦው ዘንግ ላይ ያሳርሩታል። አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ይሥራ፣ ከዚያ ይጥፋ። በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራው የአኮርዱ ሲቪቲ ካምቢዮም ሆንዳ ያዘዘውን ኤችሲኤፍ 2 ዘይት ነው የሚፈልገው፤ ያገኙትን የካምቢዮ ዘይት ከሞሉበት ውስጡ ያለው ቀበቶ ይንሸራተታል።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦ ሁለታችሁም ከተማውን ረሳችሁት። ከዓባይ ማዶ ወደ መሃል ከተማ በባጃጅ መሃል እየቆሙ መሄድ የሃይብሪድ ሜዳ ነው። በአሜሪካ ይፋዊ መለኪያ በከተማ መንገድ 2.5ቱ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ሲጠጣ ሃይብሪዱ 5 ገደማ ነው። ማደያ ላይ ሰልፍ በሚበዛበት ወቅት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሹፌር፣ የአዲስ አበባ መስመር፦ ቁልቁለቱስ እህቴ? ባትሪው ሲሞላ ፍሬኑን ማን ያግዘዋል?

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሒሳቡን እንሥራው። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ያህል ሲወርድ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይለቀቃል፤ የካምሪ ሃይብሪድ ባትሪ ጠቅላላ አቅሙ እንደ ዓይነቱ ከ1 እስከ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ገና ቁልቁለቱ ሳይጋመስ ይሞላል፣ መሙላቱም ይቆማል። ከአፋፉ ጀምሮ ማርሹን ቢ ላይ፣ ቢ የሌለው ኤስ ላይ አድርጎ በሞተር መያዝ ግዴታ ነው። በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ፍሬን ሸራው ይጨሳል። ሌላው የባትሪው ማቀዝቀዣ ነው። አየር የሚስበው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ በጠጠርና በኮብልስቶን መንገድ አቧራው ማጣሪያዋን ይደፍናል፣ ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ማጣሪያዋ ወጥታ ትጽዳ። እዚያ ወንበር ላይ ሻንጣ ደርድሮ ቀዳዳውን መክደን ደግሞ ነውር ነው።

መለዋወጫ ሻጭ፦ ለ2.5ቱም ማስጠንቀቂያ አለኝ። የታዘዘለት ዘይት 0ደብሊው 16 የሚባለው በጣም ቀጭኑ ነው፤ እንደልብ አይገኝም። ቶዮታ ሲጠፋ 0ደብሊው 20 ይፈቅዳል፣ በሚቀጥለው ቅያሪ ግን ወደ 16ቱ ይመለሱ ይላል። «አገራችን ሞቃት ነው፣ ወፍራም ይሻላል» ብሎ 20ደብሊው 50 መሙላት ግን ልማድ ሆኗል፤ የዚህ ሞተር የዘይት መንገድ ለቀጭን የተሠራ ነው፣ ጠዋት ሲነሳ ላይኛው ክፍል ዘይት ሳያገኝ ይቆያል።

አወያይ፦ እንግዲህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ምን ይይ?

መካኒክ፣ ፋሲሎ፦ ሻጩ መኪናውን አሙቆ እንዳይጠብቀው፤ በጠዋት፣ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ይቅረብ። አኮርድ ከሆነ የዘይቱን ልክና ሽታ፣ የቅያሪውንም መዝገብ፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረ ይለፈው።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦ ሃይብሪድ ከሆነ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ተሰክቶ የባትሪው ክፍሎች ቮልቴጅ ዳገት ሲወጣ ይነበብ፤ ቆሞ እኩል የሚመስለው ጭነት ሲመጣ ነው የሚለያየው። ቤዛዊት ዳገት ለዚህ ይበቃል።

ሹፌር፣ የአዲስ አበባ መስመር፦ ከከተማ ለማይወጣ ሰው ሃይብሪዱን እቀበላለሁ። በየሳምንቱ በረሃውን ለሚያቋርጥ ግን አሁንም ተርቦ ነው የምለው።

መካኒክ፣ ፋሲሎ፦ እኔም 2.5 ላይ ነኝ፤ በረሃው ላይ ቢበላሽ ደጀን ያለ መካኒክ የሚፈታው እሱን ነው።